ጥያቄና መልስ፦ ሐኪሙ አዲስ አበባ፣ በሽተኛው መንዝ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። አንዷ እናት ናት፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ሾፌር። አራቱም የሚጠይቁት ድምፅ፣ ምስል ወይም ትእዛዝ ከሩቅ ሲላክ ስለሚመጣው መዘግየት ነው። እኔም በሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ጉዳዩ ልቤን ይይዘዋል። ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ እነዚህን ልመልስ።

ከሸዋሮቢት፣ አንዲት እናት

«ልጄ አሜሪካ ነው ያለው። በስልክ ስናወራ ዝም ያለ መስሎኝ እጀምራለሁ፣ እሱም ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። የሰለቸሁት እየመሰለኝ ሆዴ ይባባል። ስልኩ ነው ወይስ ልጁ?»

እናቴ፣ ስልኩ ነው። ልጅዎ አልሰለቸም።

ድምፅዎ ተቆራርጦ በባሕር ውስጥ ገመድ ይሄዳል፣ እዚያ ደርሶ ደግሞ ይገጣጠማል። መተግበሪያው ድምፁ እንዳይንተባተብ ብሎ ትንሽ ይዞ ያቆየዋል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ጭውውት የአንድ መንገድ መዘግየቱ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመርጣል። አንድ ሺህ ሚሊ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው። የእርስዎና የልጅዎ ጥሪ 300 ቢዘገይ፣ እርስዎ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ልጅዎ ወዲያው ቢመልስ እንኳ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ዝምታ ይሰማሉ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እንደዚያ ዝም ቢል «ምን ነካው» ያሰኛል። የሆድዎ መባባት ከዚያ ነው የመጣው።

እንዲህ ያድርጉ። ሐሳብዎን ሲጨርሱ «ምን ትላለህ?» ብለው ይዝጉትና በልብዎ ሁለት እስኪቆጥሩ ይጠብቁ። እኩል ከጀመራችሁ ደግሞ እናት ትቀጥል ብላችሁ ተስማሙ። እሱ ይስማማል።

ከመሐል ሜዳ፣ ነርስ

«ወንድሜ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ‹ወደፊት አዲስ አበባ የተቀመጠ ስፔሻሊስት መንዝ የተኛ በሽተኛን በሮቦት ኦፕራሲዮን ያደርጋል› ተባልን። ደስ አለኝ፣ ግን ፈራሁ። እኛ ጋ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል፣ መብራቱም እንደዚያው። መሣሪያው ሆድ ውስጥ እያለ ቢቋረጥ ምን ይኮናል? መዘግየቱንስ ሐኪሞቹ እንዴት ነው የሚችሉት?»

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። መጀመሪያ ግን ነገሩ ሕልም እንዳልሆነ ልንገርሽ።

ጳጉሜን 2 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዣክ ማሬስኮ የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ኒውዮርክ ተቀምጦ ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ከተማ የተኛችን የ68 ዓመት ሴት የሐሞት ከረጢት አወጣ። በመካከላቸው አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። የሮቦቱ ስም ዜውስ ይባላል። ሐኪሙ እጁን ካንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ ያንኑ እንቅስቃሴ በስክሪኑ እስኪያይ ድረስ በአማካይ 155 ሚሊ ሰከንድ ይወስድ ነበር። ቡድኑ ከዚያ በፊት ባደረገው ሙከራ እስከ 330 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሥራት እንደሚቻል አይቶ ነበር፤ ስለዚህ ከገደቡ በታች ሆነው ነው የገቡበት።

ዜናው ሲወራ ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛ፣ መስመሩ ለእነሱ ብቻ የተለየ ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ገመድ ነበር፤ ማንም ሌላ ሰው ቪዲዮ የማያይበት፣ የማይጋፋበት። ሁለተኛ፣ ስትራስቡርግ በሽተኛዋ አጠገብ ሌሎች ሐኪሞች ነበሩ፤ ነገሩ ቢበላሽ በእጃቸው ሊጨርሱት።

ለእኛ የምትቀርበው ታሪክ ግን የካናዳዋ ናት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር መህራን አንቫሪ ሃሚልተን ተቀምጦ 400 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ኖርዝ ቤይ ከ20 በላይ ኦፕራሲዮን በሮቦት አድርጓል። ኖርዝ ቤይ ትንሽ ከተማ ናት፣ የዚህ ዓይነት ስፔሻሊስት አልነበራትም። መስመሩም ብርቅ ነገር አልነበረም፤ የንግድ ኔትወርክ ነው፣ ግን የኦፕራሲዮኑ መረጃ ከሌላው ቀድሞ እንዲያልፍ ቅድሚያ ተሰጥቶት፣ መጠባበቂያ መስመርም ተይዞለት። መዘግየቱ 140 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነበር። እዚያም ክፍሉ ውስጥ ሌላ ቀዶ ሐኪም ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ መንዝ እንምጣ። ብዙ ሰው «አዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነ ይዘገያል» ብሎ ያስባል። ርቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 300 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 3 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። መዘግየቱን የሚያመጣው መንገድ ላይ ያለው ማቆሚያ ነው። ካሜራው ምስሉን ይጨምቃል፣ የኔትወርክ መሣሪያዎቹ ወረፋ ያስይዙታል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር ይፈታዋል፣ ስክሪኑም የራሱን ይጨምራል። የታርማበርን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ መንገዱ ሳይሆን የፊተኛው ከባድ መኪና ነው የሚያስቀረው።

ከመዘግየቱ የሚብሰው ደግሞ መዋዠቁ ነው። ይህን በደንብ ያዥው። መዘግየቱ ሁልጊዜ 200 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ የሐኪሙ እጅ ይለምደዋል፤ ትንሽ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ያበቃል። አሁን 80፣ ቀጥሎ 600፣ ከዚያ 100 ከሆነ ግን ማንም እጅ አይለምደውም። ለዚህ ነው መሐንዲሶች አንዳንድ ጊዜ ቶሎ የደረሰውን መረጃ ሆን ብለው የሚያቆዩት፤ ሁሉም እኩል ዘግይቶ እንዲደርስ። ፈጣን ሆኖ ከሚወላውል መስመር ዝግ ብሎ የማይናወጥ ይሻላል።

ቢቋረጥስ? በደንብ የተሠራ ሮቦት ትእዛዝ ሲቋረጥበት ባለበት ይቆማል። አይገፋም፣ አይጎትትም። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሐኪም መሣሪያውን አውጥቶ ይቀጥላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ሮቦቱ ከመጠየቅሽ በፊት «አጠገቡ የሚቆመው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። «ማንም» ከተባልሽ ጉዳዩ ገና ነው። ጄኔሬተሩንም ጠይቂ፣ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚነሣው?

የራሴን ሐሳብ ልጨምር። እኔ ብሆን ለመንዝ ቀድሜ የምለምነው ሮቦት አይደለም። እናንተ ጋ ወይም አጎራባች ሆስፒታል የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ፣ ስፔሻሊስቱ በቪዲዮ እያየ ቢመራው ብዙ ሕይወት ይተርፋል። እጁ እዚሁ ነው፣ እውቀቱ ብቻ ነው የሚጓዘው። መዘግየት እጅን እንደሚጎዳው ምክርን አይጎዳውም። ብዙም ወጪ የለውም።

ግን ምክርም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው፤ «አሁን» በሚለው ቃል ውስጥ ነው ያለው። አስቢው። ሐኪሙ የሚያየው ምስል ከግማሽ ሰከንድ በፊት የነበረውን ነው። «ቁሚ!» ይላል። ቃሉ እስኪደርስ ሌላ ግማሽ ሰከንድ። መቀሱ አንድ ሙሉ ሰከንድ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ በቪዲዮ ስትሠሩ «አሁን»፣ «እዚህ ጋ»፣ «ትንሽ ወዲህ» የሚሉትን ቃላት ተዉአቸው። ቦታው በስሙ ይጠራ። እያንዳንዱ እርምጃ በፊት ይነገር፣ ሠሪው የሰማውን መልሶ ይናገር፣ ሐኪሙ «አዎ» ይበል፣ ከዚያ ይሠራ። ከዚያ ደግሞ ይቆም። ቀርፋፋ ይመስላል፣ ደም የሚፈስስበትን ስሕተት ግን ይከለክላል።

አንድ ሌላ ነገር። ከዓመታት በፊት አንድ ሆስፒታል ውስጥ የቪዲዮ ምክክር ሲደረግ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማዶ ያለው ሐኪም «ጥሩ ነው፣ ተረጋግቷል» እያለ ያወራል። በእኛ በኩል በሽተኛው እየተንፈራገጠ ነው። ለካ እሱ ጋ ምስሉ ደርቆ ቀርቷል፤ የደረቀ ምስል ደግሞ የተረጋጋ ሰው ይመስላል። ስልክ ደውለን ነው የነቃው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራ የሚያየው ቦታ ላይ ሰከንድ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ሳላስቀምጥ ሥራ አልጀምርም። ሰዓቱ ከቆመ ምስሉ ሞቷል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ነገ ግዢው።

ከደብረ ብርሃን፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ

«ጋሼ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን በኢንተርኔት የሚታዘዝ የሮቦት ክንድ ሠርተናል። አርዱይኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ ወደታዘዘው ማዕዘን የሚዞር ሰርቮ ሞተር፣ ካሜራ። በኬብል ሲሆን ኩባያ ያነሣል። በኢንተርኔት ሲሆን ግን ኩባያውን ያልፈዋል፣ ስንመልሰው ወዲያ ያልፈዋል፣ መጨረሻ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ኮዱን ሃያ ጊዜ አየነው። ስሕተቱ የት ነው?»

ኮዳችሁ ደህና ሊሆን ይችላል። እናትህ እንጀራ ስትጋግር አይተሃል? የሸክላ ምጣድ ሙቀቱን ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ጀማሪ ልጅ «አልጋለም» ብላ እንጨት ትጨምራለች፣ አሁንም አልጋለም፣ ትጨምራለች፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይደርስና ያራል። ደንግጣ እንጨቱን ታወጣለች፣ ቆይቶ ደግሞ ይቀዘቅዛል። እናንተ ክንዱን የምታደርጉት ይህንኑ ነው። የምታዩት ያለፈውን ነው፣ የምታርሙትም ያለፈውን ነው፣ ስለዚህ እርማታችሁ ራሱ ሌላ ስሕተት ይሆናል። እናትህ ምን ታደርጋለች? ትንሽ ትጨምራለች፣ ትጠብቃለች።

ይህ የወግ ምክር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ፌረልና ቶማስ ሸሪዳን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰዎችን በሚዘገይ የሮቦት እጅ ዕቃ አስነሥተው ተመለከቱ። ማንም ሳይነግራቸው ሰዎቹ ራሳቸው ያንኑ ዘዴ አገኙት፤ ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፣ እጃቸውን ይገታሉ፣ ምስሉ እስኪደርስ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ያንቀሳቅሳሉ። ጊዜው ይረዝማል፣ ሥራው ግን ያልቃል፣ መንቀጥቀጥም የለም።

እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የጀማ ገደል ነው። ማዶ ለማዶ የሚጠራሩ ሰዎችን ሰምተህ ታውቃለህ። «አንተ እገሌ ሆይ!» ብሎ ዝም ይላል። ቆይቶ «አቤት!» ይመጣል። «በሬው!» ዝም። «ተሻግሯል!» ዝም። ረጅም ወሬ አንድ ላይ ቢለቅ ከራሱ ገደል ማሚቶ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 430 ሜትር ስፋት ያለው ገደል ማዶ ያለ ሰው በድምፅ ሲለካ ከእኛ የሚርቀው ጨረቃ በሬዲዮ የምትርቀውን ያህል ነው፤ ሁለቱም ደርሶ መልሳቸው 2.6 ሰከንድ አካባቢ ነው። በ1963 ዓ.ም. ሶቪየቶች ሉኖኾድ የተባለውን ተሽከርካሪ ጨረቃ ላይ ከምድር ሆነው ሲነዱት፣ ዘዴያቸው ከመንዝ እረኛ ብዙ አይርቅም ነበር። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተውታል።

አሁን ወደ እጃችሁ ሥራ። መጀመሪያ መዘግየቱን ለኩት። ሰዓት ቆጣሪ የከፈተ ስልክ ካሜራው ፊት አስቀምጡ፣ ስልኩና ምስሉ የሚታይበት ስክሪን አንድ ፎቶ ውስጥ እንዲገቡ አድርጋችሁ በሌላ ስልክ አንሡ፣ ቁጥሮቹን ቀንሱ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሃምሳ ጊዜ። አማካዩን ሳይሆን በጣም የዘገየውንና በጣም የፈጠነውን ልዩነት እዩ። እኔ የምጠረጥረው የችግራችሁ ግማሹ እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

ከዚያ የምስሉን ጥራት ቀንሱ። ትንሽ ደብዘዝ ያለና ቶሎ የሚደርስ ምስል፣ አምሮ ዘግይቶ ከሚመጣው ይበልጥባችኋል። ዋይፋዩን ትታችሁ ቢያንስ ክንዱ ያለበትን ጫፍ በኬብል አድርጉት። ትእዛዝ ስትልኩም እያንዳንዱ ላይ የተላከበትን ሰዓት ለጥፉበት፤ ያረጀ ትእዛዝ ከደረሰ ክንዱ ይጣለው። የጠፋን ትእዛዝ ደግሞ ደጋግሞ የሚልክ አሠራር ካላችሁ ተዉት፤ ከሁለት ሰከንድ በፊት «ወደ ግራ» ያልከውን አሁን ማድረስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ደግሞም ትእዛዝ ለግማሽ ሰከንድ ከጠፋ ክንዱ ራሱ ይቁም። ይህን ሳታስገቡ ሰው አጠገብ እንዳታበሩት፣ አደራ።

ዋናው መድኃኒት ግን እንቅስቃሴውን መላክ ትቶ ዓላማውን መላክ ነው። ልጅን «እሳት ጭረህ ና» ብለህ ወደ ጎረቤት ስትልከው «ቀኝ እግርህን አንሣ፣ ግራህን አስከትል» አትለውም። መንገዱን እሱ ያውቀዋል። ክንዱም «ኩባያው ላይ ሂድ» ሲባል እዚያው ባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ራሱን እየለካ ይድረስ። ፈጣኑ እርማት እዚያው ክንዱ ጋ ይዞራል፣ በኢንተርኔት የሚያልፈው ትልቁ ውሳኔ ብቻ ነው። ያኔ መዘግየቱ ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ማን ይጨነቃል?

ጊዜ ካላችሁ ስክሪናችሁ ላይ የክንዱን ጥላ ሣሉ፤ ትእዛዝህን ሰምቶ ወዲያው የሚንቀሳቀስ፣ እውነተኛው ክንድ ቆይቶ የሚደርስበትን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል። አንተ ጥላውን ትነዳለህ፣ ክንዱ ይከተላል። በ1985 ዓ.ም. የጀርመን የጠፈር ተመራማሪዎች ኮሎምቢያ በተባለችው መንኩራኩር ውስጥ የነበረውን ሮቴክስ የተባለ የሮቦት ክንድ ከምድር ሆነው አዝዘዋል። መዘግየቱ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ነበር። እንዲያም ሆኖ በአየር የሚንሳፈፍ ነገር ያዘ፤ ኮምፒዩተሩ ዕቃው የት እንደሚደርስ ቀድሞ እየገመተ።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ወደፊት የመንካት ስሜት እንጨምራለን» ብለሃል። እዚያ ላይ ቀስ በሉ። ክንዱ የነካውን ግፊት ወደ እጅህ ሲመልስልህና ግፊቱ ሲዘገይ፣ አንተ በለቀቅህበት ሰዓት ይገፋሃል፣ በገፋህበት ሰዓት ይለቅሃል። እንዲህ እየሆነ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጉልበት ይጨመርበታል፣ ክንዱም እጅህም ይናወጣሉ። አንደርሰንና ስፖንግ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኒሜየርና ስሎቲን በ1991 ይህን የሚገታ ሒሳብ አውጥተዋል፤ ግፊትንና ፍጥነትን ለየብቻ ከመላክ ይልቅ አንድ ላይ ቀላቅሎ እንደ ማዕበል መላክ ነው ነገሩ። የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ነው። ለመመረቂያችሁ ኩባያዋን አንሡ፣ ይበቃል። ሃምሳውን ልኬት ስትጨርሱ ግን ላኩልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ።

ከደብረ ሲና፣ የጭነት መኪና ሾፌር

«መኪናን ከሩቅ በኢንተርኔት መንዳት ይቻላል ይላሉ። ታርማበርን በጉም ውስጥ ማን ሊነዳው ነው? 5ጂ ወይም ሳተላይት ይህን ይፈታዋል?»

ወንድሜ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ። መዘግየቱ 300 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ነጂው አደጋውን አይቶ የሰጠው ትእዛዝ ፍሬን ላይ ሲደርስ መኪናው 5 ሜትር አልፏል። የሰውየው መደንገጫ ጊዜ ሳይቆጠር። በአንተ መንገድ ላይ 5 ሜትር ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ሳተላይቱ እንደ ከፍታው ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የተቀመጡት ቆመው ይመስላሉ፤ ምስል በእነሱ በኩል መጥቶ ትእዛዝ በእነሱ በኩል እስኪመለስ ወደ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል፣ ይህን ደግሞ ማንም መሐንዲስ ሊያሳጥረው አይችልም። በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚዞሩት አዲሶቹ በጣም ያነሰ ነው የሚዘገዩት። 5ጂም በማማውና በስልኩ መካከል ያለውን ያሳጥራል፤ ከማማው ወዲያ ያለውን መንገድ ግን እንደነበረ ነው የሚያገኘው።

አውስትራሊያ ውስጥ ፒልባራ በተባለው በረሃ የብረት ማዕድን የሚጭኑ ግዙፍ መኪኖች ያለ ሾፌር ይሠራሉ፤ የሚቆጣጠሯቸው ሰዎች 1,500 ኪሎ ሜትር ርቀው ፐርዝ ከተማ ናቸው። ግን መሪውን ማንም ከዚያ ሆኖ አያዞረውም። መኪናው ራሱን ይነዳል፣ መሰናክል ሲያይ ራሱ ይቆማል፣ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚነግሩት። መንገዱም የማዕድኑ የራሱ ነው፤ በግ ይዞ የሚያቋርጥ ልጅ የለበትም።

የታርማበር ዋሻ ውስጥ ስትገባ ስልክህ ምን እንደሚሆን አይተሃል። ከሩቅ የሚነዳ መኪና እዚያ ሲገባ ነጂው ሊጠፋበት ነው። ስለዚህ ማንም መጥቶ እንዲህ ያለ መኪና እዚህ መንገድ ላይ ልሞክር ቢል፣ መጀመሪያ ዋሻው መሐል መስመሩ ሲቆረጥ ምን እንደሚያደርግ አሳየኝ በለው። ባዶ መንገድ ላይ፣ ጭነት ጭኖ፣ በቁልቁለቱ በኩል።